«ቦርዱ ነው» ማለት ምርመራ አይደለም

ዲጂታል ኦቨን እምቢ ሲል ባለሙያ ይጠራል። ባለሙያው ይመጣል፤ የፊት ሰሌዳውን ይነካካል፤ ሶኬቱን ነቅሎ መልሶ ይሰካል፤ ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል፦ «ቦርዱ ነው።» ባለቤቷ «ይጠገናል?» ብላ ሳትጨርስ መልሱ ይመጣል፦ «ቦርድ አይጠገንም፣ ይቀየራል፤ ዕቃው ደግሞ አገር ውስጥ የለም።» ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ የታወቀ ነው። ኦቨኑ የድስት ማስቀመጫ ይሆናል፣ ወይም ለቆራሌው ይሰጣል፣ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ተለምኖ አዲስ ቦርድ ይመጣል። ለዘመድ አዝማድም ምክር ይተርፋል፦ «ሁለተኛ ዲጂታል እንዳትገዙ፤ ማኑዋሉ ነው የሚበጀው።»

ይህን አስተሳሰብ ብዙዎች እንደ እውቀት ተቀብለውታል፤ ጠጋኙም አስጠጋኙም። በውስጡ ሦስት አባባሎች ተቋጥረዋል። ብልሽቱ ከቦርዱ ነው፤ ቦርድ አይጠገንም፤ ኤሌክትሮኒክስ ለእኛ አገር መብራት አይሆንም። የመጀመሪያው ሳይለካ የሚነገር ግምት ነው። ሁለተኛው በአብዛኛው ሐሰት ነው። ሦስተኛው ከእነዚህ ከሁለቱ የተወለደ ተስፋ መቁረጥ ነው።

በጣም በሚያንገበግበው ልጀምር። መብራት ሄዶ ሲመጣ የብዙ ኦቨኖች ሰዓት ዜሮ ላይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል። በተለይ ካቢኔ ውስጥ ተገጥመው በሚሠሩ ብዙ የአውሮፓ ሞዴሎች ላይ ሰዓቱ እስኪሞላ ድረስ ማሞቂያው አይነሣም። የውስጥ አምፖሉ ይበራል፣ ስክሪኑም ይሠራል፣ ሙቀት ግን የለም። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ፋብሪካው አስቦበት የሠራው ነው፤ ከዕቃው ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይም ተጽፎ ይገኛል። የልጆች መቆለፊያው ሳይታወቅ ተነክቶ ከሆነም ኦቨኑ አይታዘዝም። መሸጫ ሱቆች ለማሳያ የሚጠቀሙበት «ዴሞ» የሚባለው አሠራር ላይ ከገባም እንዲሁ ነው፤ ሁሉ ነገር የሚሠራ ይመስላል፣ ሙቀት ብቻ ይጠፋል። መብራት በሚመላለስበት ከተማ እየሠራ እነዚህን ሳያጣራ «ቦርዱ ሄዷል» የሚል ሰው ለተከፈለው ገንዘብ አልሠራም። ለማጣራት የሚወስደው ጊዜ ቡና ተፈልቶ እስኪቀዳ እንኳ አይደርስም።

ቀጥሎ የስሕተት ኮድ አለ። ስክሪኑ ላይ ፊደልና ቁጥር ብቅ ሲል ሰው ሁሉ ቦርዱ የታመመ ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኮድ ያወጣ ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን በትክክል እየሠራ ያለ ቦርድ ነው፤ ከሌላ ቦታ የሚደርሰው መረጃ ልክ አለመሆኑን አይቶ ማሞቂያውን አቁሟል፣ ለባለቤቱም ነግሯል። የነገረውን ሰው ጥፋተኛ ማድረግ ፍርድ አይደለም።

ከኮዶቹ መካከል ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙት የሙቀት ሴንሰሩን የሚመለከቱ ናቸው። ሴንሰሯ ከኦቨኑ የውስጥ ግድግዳ ብቅ ያለች ቀጭን የብረት ዘንግ ናት። በብዙ ዲጂታል ኦቨኖች ውስጥ ይህች ዘንግ የምትይዘው ፕላቲነም ነው፤ በዜሮ ዲግሪ 1000 ኦም፣ በአንዳንዶቹ ደግሞ 500 ኦም ትለካለች። ሙቀት ሲጨምር ኦሙ አብሮ ይጨምራል። ባለ 1000ዋ የአዲስ አበባ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በ20 ዲግሪ፣ 1078 ኦም አካባቢ ታሳያለች። ኦቨኑ 200 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 1759 ትጠጋለች። ቦርዱ የሚያውቀው ሙቀት የለም፤ የሚያውቀው ይህን ቁጥር ብቻ ነው።

ስለዚህ ምርመራው እንዲህ ነው የሚደረገው። ኃይሉ ከዋናው ማብሪያ ይጠፋል፤ የኋላው ወይም የላዩ ክዳን ይከፈታል፤ የሴንሰሯ መሰኪያ ከቦርዱ ላይ ይነቀላል፤ ቴስተሩ ኦም ላይ ተደርጎ በተነቀለው መሰኪያ ጫፍ ይለካል። 1080 አካባቢ ከታየ ሴንሰሯም ሽቦዋም ደኅና ናቸው፤ ኮዱ ከቀጠለ ያኔ ቦርዱን መጠርጠር ተገቢ ነው። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ወደ ዘንጓ ሥር ወርዶ ራሷ ላይ መለካት ነው፤ እዚያ ደኅና ካነበበች ችግሩ መሐል ያለው ሽቦ ወይም የላላ መሰኪያ ነው፤ እዚያም ዝም ካለች ሴንሰሯ ሞታለች። ሲቀዘቅዝ ደኅና ሆኖ ሲሞቅ የሚበጠስ አለና ሥራው በዚህ አያበቃም። የፀጉር ማድረቂያ ዘንጓ ላይ ይዞ ቁጥሩ ሲወጣ መመልከት ያስፈልጋል። ሳይቋረጥ፣ ሳይዘል፣ በእርጋታ መውጣት አለበት። ድንገት ከጠፋ ወይም ከዘለለ ጥፋተኛው ተገኝቷል፣ ቦርዱም ነፃ ወጥቷል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው የትኛውም ጠጋኝ ቦርሳ ውስጥ ያለ ቴስተር ነው።

ማሞቂያውም ቁጥር አለው። 2000 ዋት የሆነ ሬዚስታንስ በ220 ቮልት የሚሠራ ከሆነ 24 ኦም አካባቢ ይለካል፤ ከኦቨኑ ብረት አካል ጋር ደግሞ ምንም ንክኪ ሊኖረው አይገባም። ከኋላ የተደበቀው የደኅንነት ቴርሞስታትም አለ፤ ኦቨኑ ከመጠን በላይ ሲግል መሥመሩን የሚቆርጥ፣ በአንዳንዶቹ ላይ በእጅ ተጭነው የሚመልሱት ትንሽ ነገር። እሱ ከተቆረጠ ስክሪኑ በርቶ ማሞቂያውን የሚያበራውና የሚያጠፋው ሪሌይ «ጠቅ» ሲል እየተሰማ ሙቀት የለም። የተጣበቀ የመንኪያ ሰሌዳም ራሱን የቻለ ኮድ ያወጣል፤ የሰሌዳው ጠፍጣፋ ኬብል ተነቅሎ ኮዱ ከጠፋ ጉዳዩ የሰሌዳው ነው።

ይህ ሁሉ ተለክቶ ደኅና ሆነ እንበል። አሁን በርግጥም ጉዳዩ ከቦርዱ ነው። እዚህ ላይ ሁለተኛው ሐሰት ይጀምራል፦ ቦርድ አይጠገንም የሚለው።

ይህ ቃል በአዲስ አበባ መነገሩ ይገርመኛል። በዚህች ከተማ በየመንገዱ ዳር ባሉ ጠባብ ሱቆች ውስጥ ወጣቶች የስማርት ስልክ ቦርድ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጠው፣ በባዶ ዓይን ለመለየት የሚያስቸግሩ ክፍሎችን ያነሣሉ፣ ይተካሉ። የኦቨን ቦርድ ላይ ያሉት ዋና ዋና ተጠርጣሪዎች ደግሞ በጣት የሚያዙ ናቸው፤ ሪሌይ፣ ካፓሲተር፣ ፊውዝ፣ ሬዚስተር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦው ሲበጠስ «ምጣድ አይጠገንም» የሚል ሰው በየትኛውም ሰፈር አይገኝም፤ የተቃጠለው ቁራጭ ተለይቶ ይቀየራል። ቦርድም የብዙ ቁርጥራጮች ስብስብ ነው። «ቦርዱ ተቃጠለ» ማለት ከእነዚህ ሁሉ ክፍሎች ውስጥ የቱ እንደሆነ አልፈለግሁም ማለት ነው።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ብዙ የቤት ዕቃ ቦርዶች ትራንስፎርመር የላቸውም። 220 ቮልቱን ወደ ትንሽ ቮልቴጅ የሚያወርዱት አንዳንዶቹ በአንዲት ቺፕ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ በአንድ ባለ አራት ማዕዘን የፕላስቲክ ካፓሲተር ነው። ጀርባው ላይ ኤክስ 2 የሚል ምልክትና አቅሙ ተጽፏል፤ 0.47 ማይክሮፋራድ እንበል። ይህ ካፓሲተር ከመሥመሩ በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ 32 ሚሊአምፔር አካባቢ ያሳልፋል። መብራት ሲመጣ በሚፈጠረው እያንዳንዱ ድንገተኛ ግፊት ውስጡ ያለው ስስ ብረት በጥቂቱ ይበሳል፤ ካፓሲተሩ ቀዳዳውን ራሱ ይዘጋል፣ ግን በዘጋ ቁጥር አቅሙ እየሳሳ ይሄዳል። አያብጥም፣ አይጠቁርም፣ አይሸትም። ላዩን ሲያዩት አዲስ ነው። አቅሙ ግማሽ ሲደርስ የሚያሳልፈውም ግማሽ ይሆናል። ያ ሰዓቱን ለማብራት ይበቃል፤ ሪሌዩን ለመሳብ ግን አይበቃም። ስለዚህ ባለቤቷ የምታየው ይህ ነው፦ ሰዓቱ ይሠራል፤ «ጋግር» ስትለው ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ወይም ጠፍቶ እንደገና ይነሣል፣ ሙቀት የለም።

ይህን ምልክት አይቶ «ቦርዱ ነው፣ ይቀየር» ማለት ቀላል ነው። ካፓሲተሩን ከአንድ እግሩ ነቅሎ መለካት ግን ብዙ አያደክምም፤ 0.47 የተጻፈበት 0.2 ካነበበ መልሱ ተገኘ። የሚተካውም ያው ኤክስ 2 ዓይነት መሆን አለበት፤ ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ተራ ካፓሲተር እዚያ ቦታ ላይ መግጠም እሳት መጥራት ነው። ዋጋው ከአዲስ ቦርድ ዋጋ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሪሌዩም ሌላው ነው። 2000 ዋት ማለት በ220 ቮልት ከ9 አምፔር በላይ በዚያች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሲያልፍ ማለት ነው፤ ኦቨኑ ሙቀቱን ለመጠበቅ ደጋግሞ ያበራል፣ ያጠፋል። የበዓል ዋዜማን እናስብ። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ኦቨን ለኩሷል፣ ድፎ ዳቦው ገብቷል፣ ቮልቴጁ ወርዷል። ሪሌዩ ለመያዝ ኃይል አጥሮት ይንቀጠቀጣል፤ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ውስጡ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ነጥቦቹ ይበላሉ ወይም ተበይደው ይቀራሉ። ተበይዶ ከቀረ ኦቨኑ ቢጠፋም ማሞቂያው አይጠፋም፤ ይህ አደገኛ ስለሆነ ሶኬቱን ወዲያው መንቀል ያስፈልጋል። ከሪሌዩ እግር ሥር ያለው ሶልደርም በሙቀትና በቅዝቃዜ መፈራረቅ በክብ ይሰነጠቃል፤ በማጉያ መነጽር ሲያዩት ቀጭን ቀለበት ይታያል። ይህ ብቻ ከሆነ ምንም ዕቃ ሳይገዛ እንደገና በመበየድ ይድናል።

አንዳንዴ ደግሞ ቦርዱ ሲከፈት ጠቁሮ ይገኛል፤ ያየው ሁሉ «በቃ አልቋል» ይላል። የጠቆረው ግን ብዙ ጊዜ ቫሪስተሩ ነው። ቫሪስተር የሚገጠመው ቮልቴጅ ከልክ በላይ ለሚወጣበት ቀን ነው። የኒውትራል መሥመር ሲበጠስ በቤት ውስጥ ያለው 220 እስከ 380 ሊደርስ ይችላል፤ ያኔ ቫሪስተሩ ራሱን አሳልፎ ይሰጣል፣ ፊውዙን ያቃጥላል፣ ከኋላው ያለውን ይጠብቃል። ጥላሸቱ ተጠርጎ እሱና ፊውዙ ሲቀየሩ ቀሪው ደኅና ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በረሮም አይረሳ። ቦርዱ ሌሊትም ቀንም ለብ ያለ ስለሆነ በረሮ ይሰፍርበታል፤ ቆሻሻው ሲረጥብ መሥመር ከመሥመር ያገናኛል። በአልኮልና በብሩሽ ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ የተነሣ ቦርድ አይቻለሁ፤ ባለቤቶቹ ሊጥሉት ተዘጋጅተው ነበር።

የቦርዱ ከሳሾች የሚያነሡት ጠንካራ ክርክር አለ፤ ልሸሸው አልፈልግም። አንደኛ፣ አንዳንድ ቦርድ በርግጥ አይድንም፤ ፕሮግራሙን የያዘው ዋናው ቺፕ ከሞተ ባዶ ቺፕ ገዝቶ መተካት ዋጋ የለውም፤ ፕሮግራሙ ያለው ፋብሪካው ጋ ነው። በሙጫ የተሞሉ ቦርዶችም አሉ። ሁለተኛ፣ እነዚያ ትራንስፎርመር የሌላቸው ቦርዶች ኃይል ሲኖራቸው ሁለመናቸው ከ220 ቮልት ጋር የተያያዘ ነው፤ «አምስት ቮልት ነው» ተብሎ የሚነካው ነጥብ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ባለቤቶች ራሳቸው ይክፈቱት እያልሁ አይደለም፤ ኃይል እያለው የሚለካው የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ጠጋኙ ጊዜው ውድ ነው፤ መቀየር ይፈጥናል፣ ዋስትና ለመስጠትም ይመቻል ይላል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እስማማለሁ። በሦስተኛው ግን አልስማማም፤ ምክንያቱም ሳይመረመር የተቀየረ ቦርድ የመጀመሪያውን የገደለው ነገር እዚያው እየጠበቀው ነው የሚገባው። የማቀዝቀዣውን ፋን እንውሰድ። ካቢኔ ውስጥ የሚገጠም ኦቨን ከጠፋም በኋላ ፋኑ ለጥቂት ጊዜ ይዞራል፤ ቦርዱን ከሙቀት የሚያወጣው እሱ ነው። ብዙ ሰው «አልጠፋም እኮ!» ብሎ ወይም ቆጣሪ እንዳይቆጥር ብሎ ከግድግዳው ያጠፋዋል። ያን ጊዜ የኦቨኑ ሙቀት ወደ ላይ ወጥቶ ቦርዱ ላይ ያርፋል። ኤሌክትሮላይቲክ የሚባሉት ሲሊንደር መሳይ ካፓሲተሮች ሙቀታቸው በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የምግብ ቅባት የዘጋው ወይም የደረቀ ፋንም ያንኑ ያደርጋል፤ አናጢው የአየር መውጫ ሳይተው የሠራው ካቢኔም እንዲሁ።

አንዲት ጎረቤቴ ከዱባይ በሰው እጅ አዲስ ቦርድ አስመጥተው አስገጥመው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ያው በሽታ ተመለሰ። «እትዬ፣ ፋኑ ሲዞር ይሰማዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እሱማ ከድሮም ዝም ካለ ቆይቷል፤ ሰላም ሰጠን ብለን ነበር» አሉ። አዲሱ ቦርድ የተገደለው አሮጌውን በገደለው ነው። ቦርዱን የገጠመው ሰው ፋኑን በጣቱ አዙሮ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ገንዘብ ባልባከነ ነበር። ይህን የምናገረው በቁጭት ነው። እትዬ ያን ገንዘብ ያገኙት በቀላሉ አይደለም።

ገንዘቡም ዛሬ ሌላ ገንዘብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። «ቀይረው» የሚለው ምክር በዶላር የሚከፈል ምክር ነው፤ «መርምረው» የሚለው ግን በአገር ልጅ እጅ የሚሠራና በብር የሚከፈል ነው። ከውጭ የሚመጣ አዳኝም አንጠብቅ። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው የዕቃ ጥገና መመሪያ አምራቾች እንዲጠግኑ የሚያስገድድባቸውን ዕቃዎች ሲዘረዝር ልብስ ማጠቢያ፣ ማቀዝቀዣና ስልክ አስገብቷል፤ ኦቨን ግን ዝርዝሩ ውስጥ አልተካተተም። የቦርዱን ንድፍ ማንም አያስረክበንም። ያለን ቴስተር፣ ማጉያ መነጽር፣ ሶልደርና አእምሮ ነው፤ የስልክ ጠጋኞቻችን በዚሁ ተነሥተው የት እንደደረሱ እያየን ነው።

«ማኑዋል ይሻላል» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። የማኑዋሉ ቴርሞስታት ውስጡ ፈሳሽ ባለው ቀጭን የመዳብ ቱቦ የሚሠራ ነው፤ ቱቦው ሲታጠፍ ወይም ሲያፈስ 180 ያሉት 250 ይሆናል፣ ማሞቂያውም ያው ሬዚስታንስ ነው። ሰው የሚወደው ስለማይበላሽ አይደለም፤ ሲበላሽ ጠጋኙ ስለሚደፍረው ነው። ጉድለቱ የድፍረትና የሥልጠና ከሆነ መታረም ያለበት እሱ ነው። የቴክኒክና ሙያ ተቋሞቻችን የቤት ዕቃ ጥገናን ሲያስተምሩ ተማሪው አንድን ኦቨን ቦርድ ክፍል በክፍል ለይቶ፣ ለክቶ፣ ያገኘውን ቁጥር ጽፎ እስኪያስረክብ ድረስ ሥራውን ያውቃል ብለው ወረቀት ሊሰጡት አይገባም።

ለጠጋኙ የምለው ይህን ነው፦ ወንድሜ፣ «ቦርዱ ነው» ከማለትህ በፊት ሰዓቱን ሙላ፣ ሴንሰሩን ለካ፣ ማሞቂያውን ለካ፣ ፋኑን አዙር። ለካሁ ብለህ የምትጠይቀው ዋጋ የሚገባህ ነው፤ ግምትህን ግን በቦርድ ዋጋ አትሽጥ። ለባለቤቷም፦ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ስትባይ አትከራከሪ፤ «የለካኸው ምንድን ነው? ስንት አነበበ?» ብለሽ ብቻ ጠይቂ። ቁጥር ከነገረሽ አምነሽ ክፈዪው። ቁጥር ከሌለው ኦቨንሽ ገና አልተመረመረምና ሌላ ባለሙያ ጥሪ፤ ለቆራሌው አትስጪው።